ተርኪን ከድብ ጋር የቆጠረ ሕግ

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አንድ ወዳጄ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያለው ቤቴ መጣና ያዘለውን ቦርሳ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠው። ያገለገለ የእንጨት ቀስት፣ ስድስት ፍላጻ፣ በፕላስቲክ የታሸጉ ሁለት ዓይነት የፍላጻ ጫፎች፣ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ ድምፅ የምታወጣ ትንሽ የእንጨት ሳጥን። በመጨረሻ ስልኩን ከነዚህ አጠገብ አስቀመጠና «ጋሼ፣ እንዲያው በእግዚአብሔር፣ ከዚህ ውስጥ የሚያስቀጣኝ የቱ ነው?» አለኝ።

ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ፣ የዕቃ ማመላለሻ መኪና የሚነዳ ሰው ነው። ማለዳ በገጠር መንገድ ሲያልፍ አውራ ተርኪዎች ሜዳ ላይ ጅራታቸውን እንደ ማራገቢያ ዘርግተው ሲንጎማለሉ ያይ ነበርና ነገሩ ልቡ ገባ። ባለቤቱ ጠመንጃ ቤቷ እንዲገባ አልፈቀደችም። ቀስቱን ግን አገላብጣ አየችና «ይሄማ የጥጥ መንደፊያ ደጋን አይደል እንዴ!» ብላ አለፈችው። ቀስት መሆኑ ለብዙ የኛ ሰው ሌላም ነገር ያቀላል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቀስትን ከጠመንጃና ከሽጉጥ ተራ አይቆጥረውም፤ ሲገዛም የወንጀል መዝገብ ምርመራ የለበትም።

እኔ በቨርጂኒያ ጫካ ቀስት ይዤ መዞር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ሕግ አዋቂ አይደለሁም፤ ግን የግዛቲቱ የዱር እንስሳት ሀብት መምሪያ በየዓመቱ የሚያወጣትን የአደን ደንብ መጽሔት እንደ ዳዊት ስለምደግማት ሰው ይጠይቀኛል። የዚህን ልጅ ጉዳይ ለመጻፍ የመረጥኩት፣ ወደኔ ከመምጣቱ በፊት አራት ሰው ጠይቆ አራቱም በሙሉ ልብ የተሳሳተ ምክር ስለሰጡት ነው።

ዕቃውን የሸጠለት ሰው «ተርኪ ወፍ ነው፤ ለወፍ የትናንሽ አደን ጫፍ ይበቃሃል» ብሎታል። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ቡና ሲጠጡ ያገኛቸው አንድ ትልቅ ሰው «ክሮስቦው የሚፈቀደው ለአካል ጉዳተኛ ብቻ ነው፤ እንዳትሞክረው» አሉት። ክሮስቦው እንደ ጠመንጃ ተይዞ በቃታ የሚለቀቅ ቀስት ነው። የሥራ ባልደረባው በቀስት ለማደን ለብቻው የቀስት ፈቃድ ካልገዛ እንደሚቀጣ ነገረው። አንድ ቪዲዮ ደግሞ ለመሳብ ከ40 ፓውንድ በታች ጉልበት የሚጠይቅ ቀስት ለተርኪ ሕጋዊ እንዳልሆነ አስተማረው። አንድም ሰው ሆን ብሎ አልዋሸውም። የየአንዱ ምክር መነሻ አለው፤ ወይ ለሌላ ግዛት፣ ወይ ለሌላ እንስሳ፣ ወይ ለሌላ ወቅት፣ ወይም ለድሮ ዘመን የተባለ ነው። የተሳሳተው ቦታው ላይ ነው።

ስለዚህ ዕቃውን ከመንካታችን በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። «ቨርጂኒያ ተርኪን ምን ብላ ነው የምትጠራው?»

«ተርኪ ነዋ!»

አይደለም። የአሜሪካ ግዛቶች የሚታደነውን እንስሳ በየወገኑ ይከፍሉታል። ጥንቸልና ሽኮኮ፣ ድርጭትም ጭምር፣ ከትናንሽ አደን ይገባሉ። አጋዘንና ጥቁር ድብ ከትልልቅ አደን ናቸው። የጫካ ተርኪ ቢበዛ አሥር ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ላባ ያለው፣ ማታ ማታ ዛፍ ላይ የሚያድር ወፍ ነው። ቨርጂኒያ ግን ከትልልቆቹ ደምራዋለች። ከድብ ጋር! ወዳጄ ይህን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አገር ቤት ግዳይ የሚባለው ዝሆን፣ አንበሳና ጎሽ ነው፤ ተርኪ ገድሎ ማን ይፎክራል? ሕጉ ግን እንደዚያ ብሏል፤ የቀረው ሁሉ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ሻጩ «ወፍ ነው» ሲል በሥነ ፍጥረት አልተሳሳተም፤ በሕጉ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ጫፎቹ። የመጀመሪያው ማሸጊያ ውስጥ ያሉት አናታቸው ድፍን፣ ዙሪያቸውን የሽቦ እግር ያላቸው፣ ለጥንቸልና ለሽኮኮ የሚሆኑ ናቸው። እነዚህ እንስሳውን በምት ያደነዝዛሉ እንጂ አይቆርጡም። ቨርጂኒያ በፍላጻ ለሚታደን ትልቅ እንስሳ የምትጠይቀው ብሮድሄድ ነው፤ ማለትም ስለት ያለው፣ ስፋቱ ቢያንስ ሰባት ስምንተኛ ኢንች የሆነ ጫፍ። ገና የታጠፈ ቢሆን እንኳ ሲመታ ተከፍቶ ያን ያህል መስፋት አለበት። ሰባት ስምንተኛ ኢንች 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። ቤቴ ውስጥ ያን የሚለካ ማስመሪያ ፈልጌ አጣሁ፤ ልጆቹ የት እንደሚያደርጉት አላውቅም። ከኪሴ ግን ሁለት ሳንቲም ወጣ። አምስት ሳንቲሟ ኒክል 21.2 ሚሊ ሜትር ናት፤ ሃያ አምስት ሳንቲሟ ኳርተር ደግሞ 24.3። ሕጉ በሁለቱ መካከል ነው የተቀመጠው። ጫፍህን ኒክል ላይ አጋድመህ ሳንቲሟ በሁለቱም ጎን ከታየች ያ ጫፍ ከሕግ በታች ነው። ኳርተሯን ከዳር እስከ ዳር ከሸፈነ ተረጋጋ። በመካከል ከሆነ ሂድና ማስመሪያ ግዛ።

የሽቦ እግር ያላቸውን ወደ ጎን አደረግናቸው። ሁለተኛው ማሸጊያ ውስጥ ሦስት ታጣፊ ብሮድሄዶች ነበሩ፤ ተዘግተው ሲታዩ ከእርሳስ ብዙ አይወፍሩም። ወዳጄ ኒክሏ ላይ አጋድሞ ሲያያቸው ፊቱ ጠቆረ። «እነዚህም አበቃላቸው?» አለ። አላበቃላቸውም። ስለቶቹን በጥንቃቄ በጣቴ ገፍቼ ስከፍታቸው ኳርተሯን አልፈው በሁለቱም ወገን ወጡ። የሕጉ ቃል የሚያየው ሲመታ የሚኖረውን ስፋት ስለሆነ ታጣፊዎቹ ሕጋዊ ናቸው። እኔ ግን እንዳይጠቀምባቸው ነገርኩት። ምክንያቱን ለመናገር ወደ ቀስቱ መሄድ አለብኝ።

ቀስቱ ጫፎቹ ወደ ውጭ የተቆለመሙ፣ ሪከርቭ የሚባለው ዓይነት ነው። ታችኛው ክንፉ ላይ በደበዘዘ ቀለም «35 ፓውንድ በ28 ኢንች» ተጽፎበታል። ይህ ጽሑፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። 35 ፓውንድ የሚሆነው አውታሩ እስከ 28 ኢንች ድረስ ከተሳበ ነው፤ የሁሉም ሰው ክንድ ግን 28 አይስብም። ግድግዳ አስደግፌ ክንዱን አስዘረጋሁትና በባለቤቴ የልብስ ስፌት ሜትር ለካሁት፤ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ 65 ኢንች። ቀስተኞች ይህን ለሁለት ተኩል አካፍለው የስበት ርዝመትን ይገምታሉ፤ 26 ኢንች ይወጣል። ባነሰው በያንዳንዱ ኢንች ሁለት ፓውንድ ገደማ ሲቀነስ፣ በእጁ ያለው 35 ሳይሆን 31 ፓውንድ አካባቢ ነው። በኮሎራዶ ለትልልቅ አደን ዝቅተኛው 35 ፓውንድ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ለአጋዘን 30 ይጠየቃል። አንዱ ጋ የሚያልፍ ቀስት ሌላው ጋ ይወድቃል፤ እዚህ ላይ የቪዲዮው ምክር ምን ያህል እንደሚጠቅም ገመቱ።

ቨርጂኒያ ግን ፓውንድ አትጠይቅም። ደንቡ የሚለው ቀስቱ ብሮድሄድ የተገጠመለትን ፍላጻ ቢያንስ 125 ያርድ መወርወር መቻል አለበት ነው። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። «ከ125 ያርድ ላይ ነው የምተኩሰው?»

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 125 ያርድ 114 ሜትር ነው፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ ርቀት ላይ ተርኪ ላይ የሚተኩስ ቀስተኛ ካለ ወይ እብድ ነው ወይ ውሸታም። ቁጥሩ የተኩስ ርቀት ሳይሆን የቀስቱ አቅም መፈተኛ ነው። የቀስት ስበት የሚለካ ሚዛን በየቤቱ የለም፤ ሜዳ ግን አለ። በሒሳብ ካየነው አየር ባያግደው፣ ፍላጻ በ45 ዲግሪ ወደ ላይ ተተኩሶ 114 ሜትር ለመድረስ በሰከንድ 33.5 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይበቃዋል። አየሩ የሚነጥቀውን ጨምረንበት እንኳ ለአዋቂ ሰው የተሠራ ቀስት ሁሉ ማለት ይቻላል ያልፈዋል። ሕጉ የሚያስቀረው የልጆች መጫወቻን ነው። እኔ ይህን መለኪያ እወደዋለሁ፤ ክንፉ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን በዚያ ሰው እጅ የሚሆነውን ነው የሚጠይቀው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎኪየር ካውንቲ ውስጥ አደን የፈቀዱልን ገበሬ ዘንድ ሄድን። ሰባት ዓመት የማውቃቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰውም ከብትም የሌለበት የታጨደ ሜዳ አሳዩን። ስለቱ የዶለዶመ አሮጌ ብሮድሄድ ገጥመን ወዳጄ በራሱ ክንድ፣ በራሱ ስበት ወደ ላይ አዘንብሎ ለቀቃት። ፍላጻዋን ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ወደ 150 ያርድ ሄዳለች። ሕጉ እንዲህ ያለ ፈተና አድርጋችሁ አሳዩ አይልም፤ መቻሉ ይበቃል። ልጁ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ፓውንድ ጠይቆኝ አያውቅም።

ወደ ታጣፊዎቹ ልመለስ። ታጣፊ ብሮድሄድ ሲመታ ስለቱን ለመክፈት ከፍላጻው ጉልበት ላይ ይቀንሳል። ከ60 ፓውንድ ኮምፓውንድ (ጫፎቹ ላይ መዘውር ካለው) ቀስት ለሚወጣ ፍላጻ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ከ31 ፓውንድ ሪከርቭ ለሚወጣው ግን ከደመወዝ ላይ እንደሚቆረጥ ዕቁብ ነው፤ ይሰማል። የተርኪ ክንፍ ላባ ጠጣር ነው፤ ልቡና ሳንባው ያሉበት ቦታ ደግሞ ከአንድ ብርቱካን ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ብርቱካን ውጭ የተመታ ተርኪ እንደ አጋዘን ደም እያንጠባጠበ አይመራችሁም፤ ይበርና ይሞታል፤ አታገኙትም። ስለዚህ ሁለት ስለት ያለው፣ የማይታጠፍ፣ ገና ቆዳ ሲነካ መቁረጥ የሚጀምር ጫፍ ገዛን፤ ስፋቱ አንድ ኢንች ከስምንተኛ። ኳርተሯን ሸፈናት። ይኼ ሕጉ ያዘዘው አይደለም፤ የኔ ምርጫ ነው። ሕጉ ወለሉን ነው የሚነግራችሁ፤ ከወለሉ በላይ ያለው የራሳችሁ ነው።

ለተርኪ ብቻ ተብሎ የተሠራ ሌላም ጉድ አለ። አራት ኢንች ያህል ስለት እንደ ሰይፍ ዘርግቶ አንገት የሚቀላ ጫፍ። ወዳጄ በቪዲዮ አይቶት ዓይኑ በርቶ ነበር። ቨርጂኒያ ዝቅተኛ ስፋት እንጂ ከፍተኛ ስላልደነገገች በስፋቱ የሚከለክለው የለም። ግን ያን የሚያህል ስለት ነፋስ ይይዛል፤ እንደ ልምምድ ጫፍ አይበርም፤ ከጥቂት ሜትር በላይ አቅጣጫውን ይስታል። ረጅም ፍላጻና ትልልቅ ላባ ይፈልጋል፤ ከነዚያም ጋር ሆኖ ለብቻው ልምምድ። ለመጀመሪያ ዓመት አዳኝ «ተወው» አልኩት፤ ቅር እያለው ተወ።

ክሮስቦውን በተመለከተ የቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ሰው የተናገሩት አንድ ዘመን እውነት ነበር። ቨርጂኒያ ክሮስቦውን ለሁሉም አዳኝ የፈቀደችው በፈረንጆቹ 2005 ነው፤ ዛሬ የግዛቲቱ ሕግ ከቀስት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሰውዬው ከዚያ በፊት የሰሙትን ይዘው ቀርተዋል። አልነቅፋቸውም፤ እኔም አገር ቤት ሄጄ በድሮ የታክሲ ታሪፍ ስከራከር ራሴን አይቻለሁ። ወዳጄ ግን ክሮስቦው አልፈለገም፤ ነገሩ እዚያው አለቀ።

የቀስት ፈቃዱ ነገር ትንሽ ይጠልፋል። ቨርጂኒያ በእርግጥ ለብቻው የሚገዛ የቀስት ፈቃድ አላት፤ የሚያስፈልገው ግን በልዩ የቀስት ወቅት፣ ማለት በመጸው ጠመንጃ ሳይፈቀድ ለቀስት ብቻ በሚከፈቱት ሳምንታት፣ ለማደን ነው። የጸደይ ተርኪ ወቅት የቀስት ወቅት አይደለም። ሁሉም የተፈቀደ መሣሪያ የሚገባበት ወቅት ነው፤ አንዱ ሾትገን፣ አንዱ ቀስት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ወዳጄ የሚያስፈልገው መደበኛው የአደን ፈቃድና ለአጋዘንና ለተርኪ የሚገዛው ተጨማሪ ፈቃድ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አዲስ አዳኝ ስለሆነ የአዳኞች ትምህርት መጨረስ ነበረበት፤ በክረምቱ ጨርሶታል። ባልደረባው «ቀስት ከያዝክ የቀስት ፈቃድ» ያለው በቃላት ተሸውዶ ነው። ፈቃዱ የሚከተለው ወቅቱን እንጂ በእጅ ያለውን ዕቃ አይደለም።

ስልኩስ? ስልኩ ላይ የተርኪ ድምፅ የሚያወጣ መተግበሪያ ጭኗል፤ እንስቷ ወንዱን ስትጠራ ቁልጭ አድርጎ ያሰማል። ቤት ውስጥ ድምፅ ለመለማመድ የሚያህለው የለም፤ የጎረቤቱን ውሻ አሳብዶታል። ጫካ ውስጥ ግን የተቀዳ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ድምፅ ለተርኪ አደን ክልክል ነው። ያቺ በእጅ የምትፋቅ የእንጨት ሳጥን ትፈቀዳለች። በቆሎ በትኖ ማድፈጥም አይቻልም። እንስት የሚመስል የፕላስቲክ ማታለያ ማቆም ግን ይቻላል። ከጠረጴዛው ላይ ካለው ሁሉ በእውነት ሊያስቀጣው የሚችለው ሁለት ነገር ሆኖ ተገኘ፤ የሽቦ እግር ያለው ጫፍና ስልኩ። እሱ የፈራው ቀስቱን ነበር።

ይህ ሁሉ ጥብቅነት ለምን? ወዳጄም ጠይቆኛል፤ አጭሩ መልስ ተርኪ አልቆ ስለነበር ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ወፉ ከብዙው የቨርጂኒያ መሬት ጠፍቶ ነበር። በቤት ተፈልፍለው የተለቀቁት ጫካውን አልቻሉትም፤ የተሳካው የዱሮቹን በትልልቅ መረብ ይዞ ወደ ባዶ ቦታ ማዛወር ነው። ገንዘቡ ከአዳኞች መጣ። በፈረንጆቹ 1937 የወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበውን ቀረጥ ለዱር እንስሳት አዋለው፤ በ1972 ቀስትና ዕቃው ተጨመሩበት። ዛሬ 30 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚሳብ አዲስ ቀስት ላይ 11 በመቶ አለ። በነጋታው ዓመት፣ በ1973፣ የአሜሪካ የጫካ ተርኪ ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ የተመሠረተውም ከኛ ሰፈር የአንድ ሰዓት መንገድ በሆነችው ፍሬደሪክስበርግ ነው። ወዳጄ ይህን ሲሰማ በየሳምንቱ በዚያ እንደሚያልፍ ነገረኝና «ሐውልት አላቸው?» አለኝ።

የጸደይ ወቅት የሚከፈተው በአፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 5 ቀን 2016፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 13፣ 2024 ዋለ፤ የገብር ኄር ዋዜማ። ማለትም ዐቢይ ጾም መካከል። ባለቤቱ «ጾም ይዛችሁ ሥጋ ፍለጋ ትሄዳላችሁ?» ብላ አፈረችብን። የምንሰጠው መልስ አልነበረንም፤ ቢገኝ እስከ ፋሲካ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል አልናት። እሷን የበለጠ ያሳሰባት ሌላ ነበር፤ በፍላጻ የሞተ፣ ያልተባረከ ሥጋ ቤቷ አይገባም። ይህን የቨርጂኒያ ደንብ መጽሔት አይመልሰውም። ወዳጄ የንስሐ አባቱን ሄዶ ጠየቀና ቢላዋ በኪሱ ይዞ መጣ።

ከፀሐይ መውጫ በፊት ግማሽ ሰዓት ጀምሮ ማደን ይፈቀዳል፤ በኛ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ማለት ነው። ወቅቱ በተከፈተባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት እስከ ቀትር ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እንቁላል የታቀፉ እንስቶች እንዳይረበሹ። በጨለማ መደበቂያ ድንኳናችንን ተከልን። ወዳጄ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሻርፕ ጠምጥሞ ነበር፤ አስወለቅኩት። ሕግ ስለሚከለክል አይደለም። የአውራ ተርኪ ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው፤ በጸደይ ጫካ ውስጥ ከሩቅ ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ ያየ ሌላ አዳኝ ጣቱ ሊቸኩል ይችላል።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ አውራ ከጥድ ዛፎቹ ጀርባ አጉረመረመ፤ ብቅም አለ። ጢሙ ይታያል። ጢም የምንለው ከደረቱ የሚንጠለጠለውን እንደ ፈረስ ጭራ ያለ ጥቁር ፀጉር ነው፤ በጸደይ ቨርጂኒያ የምትፈቅደው ጢም ያለውን ተርኪ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ ወንድ አላለችም፤ ጢም ነው ያለችው። አልፎ አልፎ ጢም የምታበቅል እንስት ስላለች ቃሉ ልዩነት አለው። ወፉ ሠላሳ ያርድ ላይ ቆመ። ከአሥራ አምስት በላይ ላይተኩስ ተስማምተናል። ወዳጄ ሳበ፤ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሪከርቭ እንደ ኮምፓውንድ ተስቦ የሚያሳርፍ ዘዴ የለውምና ሙሉው ክብደት ጣት ላይ ነው። ቀስ ብሎ መለሰው። ወፉ ያቺን እንቅስቃሴ አይቶ ሄደ።

በማግስቱ እሑድ ነው፤ ወደ ገብር ኄር ቅዳሴ ሄድን። ቨርጂኒያ በእሑድ ከአምልኮ ቤት በ200 ያርድ ውስጥ ማደን እንደማትፈቅድ ለወዳጄ ስነግረው «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆኜ ምን ላድን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ፋሲካ ሚያዝያ 27 ሆነ። ግንቦት 3 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ተመልሰን ሄድን። በወቅቱ የመጨረሻ ቀናት ማደን እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ስለሚፈቀድ ረጅም ጊዜ ነበረን። የዚያን ቀን ድምፅ ያሰማ ወፍ አልነበረም። እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር መሰለኝ፣ ወዳጄ ጉልበቴን ሲነካኝ ዓይኔን ገለጥኩ፤ ከማታለያዋ አጠገብ፣ አሥራ ሁለት ያርድ ላይ፣ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ሲስብ አላየሁም። አውታሩ «ጥፍ» ሲል ብቻ ሰማሁ። ፍላጻዋ ከክንፉ መጋጠሚያ ገብታ በሌላው ጎን ወጣች። ወፉ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሮጦ ወደቀ፤ ወዳጄም ደረሰበትና በስመ አብ ብሎ ቢላዋውን አሳረፈ።

ከዚያ በሁለት እጁ አንስቶት ወደኔ መሮጥ ጀመረ።

«ቁም! አትንቀሳቀስ!» ብዬ ጮህኩ። እሱ እባብ ያየሁ መስሎት በአንድ እግሩ ቆመ። ቨርጂኒያ ውስጥ ተርኪ የገደለ ሰው ወፉን ከገደለበት ቦታ ሳያንቀሳቅስ በፊት ፈቃዱ ላይ ያለውን ምልክት መብጣት አለበት፤ በኋላም በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለመምሪያው ማስመዝገብ። ከሁለት ወር በፊት ስለ ጫፍ ስፋት በሚሊ ሜትር የተከራከረ ሰው፣ የመጨረሻዋን ትንሽ ነገር በደስታ ረስቷት ነበር። ተመልሶ ወፉን የወደቀበት ላባ ላይ አስቀመጠው፤ ወረቀቱን በዚያው ቢላዋ በጣ። ስልኩም በመጨረሻ ሕጋዊ ሥራ አገኘ። እኔ ቆሜ ሳየው «አሁን ልፎክር?» አለኝ። ፎከረ። ሽማግሌው ገበሬ ከበረንዳቸው ሆነው ምን ሆናችሁ ብለው እጃቸውን አነሱ።

ሥጋውን ባለቤቱ እንደ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ልታወጣለት ሞከረች። ደረቱ ወርቅ ሆነ። እግሩ ግን የጫካ ተርኪ እግር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲሮጥበት የኖረው፣ ውስጡ እንደ ሽቦ የጠነከረ ጅማት ያለበት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከወጡ ጋር ተንተክትኮ አልበስል አለ። እሑድ ለምሳ ጠርተውኝ ስንቀመጥ እሷ አንዱን ቁራጭ በጥርሷ ጎትታ ጎትታ ተወችውና ወደ ባሏ ዞረች። «ሕጉ ከድብ ጋር ያስቀመጠው» አለች፣ «ለካ ቀምሶት ነው።»